ተጨማሪ መረጃ፦ የመኪና ማሞቂያ ሙቀቱን ከየት ያገኛል?

በነዳጅ የሚሠራ መኪና ለማሞቂያው የተለየ እሳት የለውም። ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ውኃ ሙቀት ተሸክሞ ከዳሽቦርዱ ጀርባ ባለች ትንሽ ራዲያተር ውስጥ ያልፋል፤ ማራገቢያው በእሷ በኩል የሚነፋው አየር ሞቆ ይወጣል። ሞተሩ እንደተነሳ ማሞቂያው ብርድ የሚነፋው ለዚህ ነው፤ ውኃው ወደ 90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እስኪጠጋ መታገሥ ያሻል። ቆሞ ከማሞቅ ይልቅ ቀስ ብሎ መንዳት ሞተሩን ቶሎ ያሞቀዋል። መስተዋቱን ጭጋግ ከሸፈነው ኤሲውንም አብሮ መክፈት ይረዳል፤ ኤሲ የአየሩን እርጥበት ይቀንሳል።

በዝግ ጋራዥ ውስጥ ሞተር አስነስቶ መሞቅ ግን ፈጽሞ አይገባም! ከጭስ ማውጫው የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም ስለሌለው ሰው ሳያውቀው ይገድላል።