ሰላሳዋን አትናቋት

የማትሪክ ውጤት በወጣ ሰሞን ደብረ ታቦር ላይ የሚሰማው ወሬ ሁለት ዓይነት ነው፦ «አለፈ» እና «ወደቀ»። ሪሚዲያል የገባውን ልጅ የት እንደሚያስቀምጡት ስለሚቸግራቸው ከወደቁት ጋር ይቆጥሩታል። አንዲት የጋይንት እናት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «መምህር፣ ወድቆ ነው አይደል የሚያስተምሩት?» አሉኝ። «የለም እትዬ፣ ገና አልተፈረደም» አልኳቸው። ብዙም ያመኑኝ አይመስለኝም።

ነገሩ አጭር ነው። ከ2014 ዓ.ም. ፈተና ጀምሮ ዩኒቨርሲቲ በቀጥታ ለመግባት 50 በመቶ ማምጣት ግድ ሆነ፤ ያን ዓመት የተሳካላቸው 3.3 በመቶ ያህሉ ብቻ ናቸው። ከዚያ በታች ሆነው የሪሚዲያሉን መቁረጫ ነጥብ ያገኙት ዩኒቨርሲቲ ተመድበው ጥቂት ወራት ይማሩና እንደገና ይመዘናሉ። የተፈጥሮ ሳይንሱ ሒሳብ፣ እንግሊዝኛ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ይወስዳል፤ የማኅበራዊ ሳይንሱ ሒሳብ፣ እንግሊዝኛ፣ ጂኦግራፊና ታሪክ።

እኔ የምወደው አመዛዘኑን ነው። ብዙ ቤተሰብ የማትሪኩ ነጥብ ከአዲሱ ጋር የሚደመር ይመስለዋል። አይደመርም! እሱ በር አስገብቶ ሥራውን ጨርሷል፤ ቤተ ሙከራ ሳታይ ኬሚስትሪን በጠመኔ ብቻ የተማረች የስማዳ ልጅና የከተማው ልጅ ከዜሮ እኩል ይነሳሉ። ከመቶው 70ው ከማዕከል በሚመጣ ፈተና ይያዛል። 30ው ግን እዚያው ግቢ፣ መምህሩ በሚሰጠው ቴስት፣ ኩዊዝና አሳይመንት ነው። ማለፊያው 50።

እስቲ አስሉት። ከ30ው 27 የያዘ ልጅ ከ70ው 23 ይበቃዋል፤ ሲሶ እንኳ አይሞላም። 12 ይዞ የሚቀመጠው ግን 38 ማምጣት አለበት፤ ከግማሽ በላይ ማለት ነው። ፈተናው ያው፣ ወንበሩ ያው፣ ጭንቀቱ ግን ለየቅል። ይህን እያወቁ ኩዊዝ እየዘለሉ «ዋናው ሰባዋ ናት» የሚሉ ልጆች ያናድዱኛል። በቴሌግራም የፈተና ጥያቄ ሲያድኑ ያመሻሉ፤ አሳይመንቱን ከጓደኛ ይገለብጣሉ። መንገድ ተዘግቶበት የዘገየውን አልወቅስም፤ የክልላችን ልጆች ያዩትን አይተናል። ዶርም ተኝቶ የሚቀረውን ነው የምለው።

«ገና አልተፈረደም» የሚባለው እኛ ዘንድ ብቻ አይደለም፤ አሜሪካ ያሉ የዘመዶቻችን ልጆችም «ዲፈርድ ተደረግን» ይላሉ። በጥቅምት ቀድሞ ያመለከተ ተማሪ በታኅሣሥ ተቀብለንሃልም አልተቀበልንህምም ሳይባል ፋይሉ ከመደበኛ አመልካቾች ጋር ተደባልቆ ዳግም ይነበባል፤ የአጋማሽ ዓመት ውጤቱ ይታያል፤ ኮሌጁ ከፈቀደ «አሁንም እፈልጋችኋለሁ» የሚል ደብዳቤ ይልካል፤ መልሱን በመጋቢት ግድም ያገኛል። እኛ ዘንድ ደብዳቤ የሚያነብ የለም። ቁጥሩ ብቻ ነው የሚናገረው፤ ለዓይን አፋር የገጠር ልጅ ይሄ ሳይሻል አይቀርም።

50 የሞላው ፍሬሽማን ይሆናል። ያልሞላለት በግል ተፈታኝነት ማትሪኩን ዳግም ይቀመጣል፣ አለዚያም ቴክኒክና ሙያ ይገባል።