ጌሙ በዶላር፣ ኪሱ በብር

በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር የተጠቃለሉት የሰበታ፣ የቡራዩና የሱሉልታ ነዋሪዎች በእጅ ለሚያዝ መጫወቻ ከኢንተርኔት ጌም ሲገዙ ሒሳቡ የሚጀምረው ከምንዛሪው ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የ20 ዶላር ጌም ከ1,140 ብር ተነስቶ 2,000 ብርን ተሻገረ ማለት ነው።

በካርድ፣ ገበያው እንደሚለው በካሴት፣ የተገዛ ጌም ሲሰለች ይሸጣል። ከኢንተርኔት የወረደው ግን ከገዢው አካውንት ጋር ስለሚታሰር መልሶ አይሸጥም። «20 ጌም ተጭኖበታል» ተብሎ በደላላ የሚቀርብ ያገለገለ ዕቃም በዚሁ ዓይን ይታይ፤ ሻጩ አካውንቱን ሲያነሳ ጌሞቹም አብረውት ይሄዳሉ።

ሌላው ጉዳይ ቦታ ነው። በ2009 ዓ.ም. ለገበያ የቀረበው የመጀመሪያው ኒንቴንዶ ስዊች የውስጥ ማከማቻው 32 ጊጋባይት ብቻ ነው። «ብሬዝ ኦፍ ዘ ዋይልድ» የተሰኘው ጌም ለብቻው ከ13 ጊጋባይት በላይ ይወስዳል፤ ማውረጃው የኢንተርኔት ጥቅልም ተጨማሪ ወጪ ነው።

የመደብሩ ዕድሜም ይታሰብበት። ኒንቴንዶ የ3ዲኤስ መደብሩን መጋቢት 18 ቀን 2015 ዓ.ም. ለአዲስ ግዢ ዘግቷል፤ ቀድሞ የተገዛውን ብቻ መልሶ ማውረድ ተፈቅዷል።

እንግዲህ ነጻ መሞከሪያ ያለውን አስቀድሞ መሞከር፣ የቅናሽ ወቅት መጠበቅ፣ በካሴት የሚገኘውን በካሴት መያዝ ያዋጣል። ለማውረድ የሚመረጠው በካሴት የማይገኝ፣ መጠኑ አነስተኛና ብዙ ወራት የሚያጫውት ጌም ነው።