ለወገብ ህመም የአልትራሳውንድ ምርመራ፦ ምን ያሳያል? መቼስ ያስፈልጋል?

የወገብ ህመም በዓለም ላይ ሰዎችን ከዕለት ተግባራቸው ከሚያስተጓጉሉ የጤና ችግሮች ቀዳሚው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ችግሩ 619 ሚሊዮን ሰዎች ላይ ታይቷል። በአዳማ በኩል ወደ ጅቡቲ የሚመላለሱ የከባድ መኪና አሽከርካሪዎች፣ እንዲሁም በወንጂ የሸንኮራ አገዳ ማሳና በባቱ የአበባ እርሻዎች ጎንበስ ብለው የሚሠሩ ሠራተኞች ለህመሙ ተጋላጭ ናቸው።

አልትራሳውንድ ምን ያሳያል?

አልትራሳውንድ በድምፅ ሞገድ የሚሠራ፣ ጨረር የሌለው ምርመራ ነው። ተመራማሪዎች የወገብን ጡንቻዎችና ጡንቻን የሚሸፍነውን ስስ ሽፋን ለማጥናት ይጠቀሙበታል። እ.ኤ.አ. በ1994 የታተመ ጥናት ወገባቸውን በቅርቡ የታመሙ ሰዎች በሚያማቸው ጎን ያለው የጀርባ ጡንቻ መቀነሱን አሳይቷል። በ1996 የወጣው ተከታይ ጥናት ደግሞ ህመሙ ቢጠፋም ጡንቻው በራሱ እንደማያገግም፣ በተመረጠ እንቅስቃሴ ግን እንደሚመለስ አመልክቷል።

ምን አያሳይም?

የድምፅ ሞገድ አጥንትን ስለማያልፍ፣ አልትራሳውንድ የዲስክ መንሸራተትንና የነርቭ መጨቆንን ለመለየት አያገለግልም። ለዚህ ሐኪሙ ሲያምንበት ኤምአርአይ ያዛል። አብዛኛው የወገብ ህመም ግን ያለ ምስል ምርመራ፣ በጥያቄና በአካል ምርመራ ይታከማል። በመሆኑም አልትራሳውንድ ባለመታዘዙ ሕክምናው እንደጎደለ ሊቆጠር አይገባም።

ሐኪም አልትራሳውንድ የሚያዘው የህመሙ መነሻ ኩላሊት፣ ማሕፀን ወይም ሌላ የሆድ ዕቃ አካል መሆኑን ሲጠረጥር ነው። በአከርካሪ አጥንት ቲቢ ምክንያት በጡንቻ ውስጥ የተጠራቀመ መግል መኖሩንም ለማየት ይረዳል።

ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም መሄድ የሚያስፈልገው መቼ ነው?

• እግር ሲዝል ወይም ሲደነዝዝ
• ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ሲያቅት፣ ሽንት አልወጣ ሲል ወይም በመቀመጫ አካባቢ መደንዘዝ ሲኖር
• ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ ወይም ምክንያቱ ያልታወቀ የክብደት መቀነስ ሲኖር
• ህመሙ ከአደጋ ወይም ከመውደቅ በኋላ ሲጀምር
• ከዚህ ቀደም የካንሰር ሕመም የነበረበት ሰው ሲሆን

እግር በድንገት ከዛለ ወይም ሽንትና ሰገራን መቆጣጠር ካልተቻለ በዚያው ዕለት ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል መሄድ ይገባል፤ መዘግየት ዘላቂ ጉዳት ሊያስከትል ይችላል።

አገልግሎቱን ለማግኘት

ድንገተኛ ላልሆነ ህመም በቅድሚያ በአቅራቢያዎ ወደሚገኝ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። ባለሙያው ተጨማሪ ምርመራ እንደሚያስፈልግ ካመነ እንደ አዳማ ሆስፒታል ሜዲካል ኮሌጅ ወዳለ ሆስፒታል በሪፈር ይልክዎታል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆኑ የአባልነት መታወቂያዎንና የሪፈር ወረቀትዎን ይያዙ። ቀደም ሲል የተሰጠዎትን የምርመራ ውጤት ማቅረብዎ ምርመራው ያለ በቂ ምክንያት እንዳይደገም ይረዳል።

የአደጋ ምልክት ከሌለ ለቀናት ከመተኛት ይልቅ የተለመደውን እንቅስቃሴ በአቅም መቀጠልና በፊዚዮቴራፒ ባለሙያ የሚሰጠውን የጡንቻ ማጠናከሪያ ልምምድ መከታተል ይመከራል።