ስለ ልብ ወለድ ታሪክና ስለ ጦር ወሬ በቤተ ሰብ መካከል

በአገራችን የነገሥታት ዜና መዋዕልና የቅዱሳን ገድል ከጥንት ጀምሮ ሲጻፍና ሲነበብ የኖረ ነው። ጸሐፊው ከልቡ አፍልቆ፥ ያልነበረ ንጉሥና ያልተደረገ ጦርነት የሚተርክበት መጽሐፍ ግን በአማርኛ የተጀመረው ዘግይቶ ነው። በር ከፋቹም በጣና ዳር በዘጌ የተወለዱት ነጋድራስ አፈ ወርቅ ገብረ ኢየሱስ ናቸው። በ1900 ዓ.ም. በሮማ ከተማ ያሳተሙትን መጽሐፍ «ልብ ወለድ ታሪክ» ብለው ሰየሙት፤ ኋላም በባለታሪኳ ስም «ጦቢያ» ተብሎ ታወቀ።

አንዳንድ አባቶች ግን «ያልሆነውን ሆነ ብሎ መጻፍ ሐሰት ስለ ሆነ ልጆቻችን አያንብቡት» ይላሉ። በችሎት ፊት ሐሰተኛ ምስክር የሚቀጣው ያላየውን «አየሁ» ስላለ ነው። እኒህ ጸሐፊ ግን ገና በመጽሐፉ ስም ነገሩ ከልብ የተወለደ መሆኑን አስታውቀዋልና ማንንም አላታለሉም። ነገር በምሳሌ ጠጅ በብርሌ የተባለውም ለዚህ ነው።

የታሪኩ ፍሬ እንዲህ ነው፤ የክርስቲያኑ ጦር አለቃ በአረማዊ ንጉሥ ድል ሆኖ ይማረካል፥ ለባርነትም ይሸጣል፤ አንድ ቸር ነጋዴም ነጻ ያወጣዋል። ልጁ ዋሕድ የዚያን ሰው ውለታ ለመመለስ ከቤት ቢወጣ እርሱም በተራው ባሪያ ይሆናል። መንትያ እኅቱ ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር ፍለጋ ትሄዳለች። በመጨረሻም ያ ንጉሥ ክርስቲያን ሆኖ እርስዋን ያገባል።

ዜና መዋዕል ስለ ጦርነት ሲጽፍ የድል አድራጊውን ክብር ይዘረዝራል፤ የተማረከው ሰው ልጆች ማታ ምን እንደ ተነጋገሩ ግን አይነግረንም። ይህ መጽሐፍ የሚጀምረው ዜና መዋዕሉ ዝም ካለበት ነው።

ለሮቢትና ለቆቦ ሰው ይህ የሩቅ ነገር አይደለም። ከዚህ ሜዳ በስተ ሰሜን በማይጨው መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ታላቁ ጦርነት ተደረገ፤ በ2013 ዓ.ም. በትግራይ የተጀመረውም ጦርነት እስከ ቆቦና እስከ አካባቢዋ ወርዶ ብዙ ቤት አፈረሰ። እንዲህ ባለ አገር ልጅ ከተረት አስቀድሞ የጦር ወሬ ይሰማል፤ ማን እንዳሸነፈ ይጠይቃል እንጂ ማን እንደ ጠፋ አይጠይቅም። የዋሕድ ታሪክ ይህን ሁለተኛውን ጥያቄ ያስተምረዋል።

በውጭ አገርም እንዲሁ ሆኗል። እንግሊዛዊው ቶልኪን እ.ኤ.አ. በ1916 በፈረንሳይ ጦር ሜዳ ተዋግቶ የተመለሰ ሰው ነው፤ «የቀለበቶቹ ጌታ» የተባለውን፥ ቋንቋውና ነገሥታቱ ሁሉ ከልብ የተፈጠሩበትን ታላቅ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1954 እና በ1955 በሦስት ክፍል አሳተመ። የእኛው ነጋድራስ ግን አርባ ስድስት ዓመት ቀድመውታል።

ሌላም ከባድ ጥያቄ አለ፤ ነጋድራስ አፈ ወርቅ በጠላት ወረራ ዘመን ከኢጣልያኖች ጋር ተባብረዋል፤ ስለዚህም ከነጻነት በኋላ ወደ ጅማ ተግዘው እዚያው በ1940 ዓ.ም. ዐርፈዋል። «እንዲህ ያለ ሰው የጻፈውን ለልጅ ማንበብ ይገባልን?» የሚል ቢኖር፥ ዳኛ እያንዳንዱን ነገር በየራሱ መዝገብ ይመረምራል ብለን እንመልሳለን። ሰውየው በሥራቸው ተፈርዶባቸዋል፤ መጽሐፉም በቃሉ ይመርመር። ነገር ግን ይህን ከልጆች መሰወር አይገባም፤ ስለ ታማኝነት አሳምሮ መጻፍና ታማኝ ሆኖ መገኘት ልዩ ልዩ መሆናቸውን ከዚህ ይማራሉና።

ስለዚህ፥ አባቶችና እመቤቶች ሆይ፥ ማታ ቡና ሲፈላ ከልጆቻችሁ አንዱ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብብ፤ ሌሎቹም ይጠይቁ። ማይጨው የሆነ፥ ጦቢያ ግን የታሰበች መሆኗን ለይታችሁ ንገሩአቸው። ከቤታችሁ በጦርነት የጠፋ ዘመድ ካለም፥ መጽሐፉን ስታጥፉ ስሙን አንሡላቸው።