በባሕር ውስጥ የተተከለው ችግኝ

ችግኝ የሚተከለው በየብስ ብቻ የሚመስለው ሰው ቢኖር አይፈረድበትም። ነገር ግን በአሜሪካ፥ በፍሎሪዳ ጠረፍ፥ ሰዎች አየር የተሞላ ብረት በጀርባቸው አዝለው ወደ ባሕር ወለል እየወረዱ፥ ትንንሽ የኮራል ቅርንጫፎችን በማጣበቂያ ከድንጋይ ጋር ሲያያይዙ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል። በዚህ ሥራ ታሪክ ውስጥ፥ በትምህርት ላይ ላለውም ሆነ በመሥሪያ ቤት ለተቀመጠው ወጣት የሚያሳስብ ነገር ስላለበት ዛሬ ላነሣው ወደድሁ። ዓመቶቹ ሁሉ የተጻፉት በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ኮራል ሲያዩት ድንጋይ ይመስላል፤ ተክል ነው የሚለውም አይጠፋም። በእውነቱ ግን እንስሳ ነው። ይህ ጥቃቅን እንስሳ ከባሕሩ ውሃ ኖራ እያወጣ ለራሱ ቤት ይሠራል፤ እርሱ ሲሞት ቤቱ ይቀራል፤ በዚያም ላይ ሌላው ይሠራል። እንዲህ እየተደራረበ በሺህ በሚቆጠር ዘመን ታላቅ ግንብ ይነሣል። የፍሎሪዳው ግንብ ርዝመቱ 560 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ኮራሉ አብዛኛውን ምግብ የሚያገኘው በሥጋው ውስጥ ካስጠጋቸው፥ አልጌ ከሚባሉ ረቂቅ ፍጥረታት ነው። እነርሱ በፀሐይ ብርሃን ምግብ ያዘጋጃሉ፤ እርሱም መጠለያ ይሰጣቸዋል፤ የሚያምረውም ቀለሙ በአብዛኛው የእነርሱ ነው። ውሃው ከተለመደው የሞቃት ወራት ሙቀት አንድ ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ብሎ አንድ ወር ቢቆይ ይህ ጉርብትና ይፈርሳል። ኮራሉ እንግዶቹን አስወጥቶ ይነጣል፤ ሙቀቱ ቶሎ ካለፈ ያገግም ይሆናል፤ ካላለፈ ግን በረኀብ ይሞታል።

የፍሎሪዳ ግንብ ቀድሞውንም ጤነኛ አልነበረም። ግንቡን በማቆም ዋና ሠራተኞች የነበሩት ሁለት ዓይነት ኮራሎች ናቸው፤ ይኸውም አንደኛው እንደ አጋዘን ቀንድ የቀጠነ ቅርንጫፍ ያለው፥ ሁለተኛው ቅርንጫፉ ሰፊና ጠፍጣፋ የሆነው ነው። ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የገባው በሽታ ከእነዚህ ከመቶ 90 እጅ በላይ ፈጀ። በ2006 መንግሥቱ ሁለቱንም በሕግ ከሚጠበቁት ፍጥረታት መዝገብ አገባቸው። የተከላውም ሥራ እየበረታ ሄደ። ከፕላስቲክ ቧንቧ የዛፍ አምሳያ እየተሠራ በባሕር ውስጥ ይቆማል፤ የተቆረጡት ቅርንጫፎች በክር ይንጠለጠሉበታል፤ ከወራት በኋላ ሲያድጉ ወደ ግንቡ ተወስደው ይተከላሉ። ዴቪድ ቮን የተባሉት ሊቅ ደግሞ አንድ ቀን ኮራል ከገንዳ ሲያነሡ ሳያስቡት ሰበሩት፤ ተበላሸ ያሉት ስባሪም ከተጠበቀው በላይ ፈጥኖ አድጎ አገኙት። ቀስ ብለው የሚያድጉትን ኮራሎች ቈራርጦ የማባዛት ዘዴ የተስፋፋው ከዚህ ወዲህ ነው። በ2019ም ሰባት ቦታዎች ተመርጠው ሰፊ የማደስ ዕቅድ ወጣ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። በ2020 የወጣ አንድ ጥናት በልዩ ልዩ አገሮች የተደረጉትን የኮራል ተከላዎች ሲመረምር፥ ከመቶ 60 እጅ የሚሆኑት የተተከለውን የተከታተሉት ከ18 ወር ላነሰ ጊዜ መሆኑን አገኘ። ስንት ተተከለ የሚለው ቁጥር ለሪፖርት ያምራል፤ ስንት ጸደቀ የሚለውን ለመጻፍ ግን ተመልሶ መሄድ፥ አንዳንዴም ማፈር ያስፈልጋል። ይህን ለመረዳት ባሕር መውረድ አያሻም፤ ክረምት ሲገባ ችግኝ ተክሎ የሚያውቅ ሁሉ ይገባዋል።

የ2023 ሐምሌ ግን የጸደቀውንም ያልጸደቀውንም ለየለት። ማናቲ ቤይ በሚባለው ጥልቀት በሌለው የባሕር ወሽመጥ የውሃው ሙቀት 38.4 ዲግሪ ደረሰ። ይህ ኮራሎቹ ያሉበት ቦታ አይደለም፤ እነርሱ ዘንድ የነበረው ሙቀት ከዚህ ያነሰ ቢሆንም ለመግደል በቂ ሆኖ ተገኘ። ሶምብሬሮ በሚባለው ግንብ የወረዱ ጠላቂዎች በሕይወት ያለ ኮራል እንዳላገኙ አስታወቁ። ያን ጊዜ ሠራተኞቹ ለዓመታት ሲተክሉ የኖሩትን መንቀል ጀመሩ። በሺህ የሚቆጠሩ ኮራሎች በጀልባ እየተጫኑ፥ ከጎርፍ እንደሚሸሽ ቤተሰብ፥ በየብስ ላይ ወዳሉ ቀዝቃዛ ገንዳዎች ተወሰዱ።

ቈጠራው በ2025 ታተመ። ሊቃውንቱ በ391 ቦታዎች ከ52,000 በላይ ኮራሎችን መርምረው፥ በደቡቡ ደሴቶች ከሁለቱ ዓይነቶች ከመቶ ከ97.8 እስከ 100 እጅ መሞታቸውን ገለጹ። ዘራቸው ጨርሶ ባይጠፋም፥ ግንብ የመሥራት ተግባራቸው ግን በፍሎሪዳ አክትሟል አሉ።

እንግዲህ ገንዘቡም ድካሙም ከንቱ ነበር የሚሉ አሉ። እኔ በዚህ አልስማማም፤ ወደ ገንዳ የሚሸሽ ዘር የተገኘው ተካዮቹ አስቀድመው ሰብስበው ስላራቡት ነው። የተሳሳተው፥ ውሃው እንደ ቀድሞው ይቆያል ብሎ የተነሣው ሐሳብ ነው። የሰው ልጅ ከሰልና ነዳጅ እያነደደ ከሚያመጣው ትርፍ ሙቀት ከመቶ 90 እጅ የሚበልጠውን ባሕር ይውጠዋል፤ ይህን ማጣበቂያ አይመልሰውም።

አሁን ሊቃውንቱ ሌላ መንገድ ይዘዋል። በሆንዱራስ፥ በቴላ ወሽመጥ፥ ከፍሎሪዳ ይልቅ በሞቀና በደፈረሰ ውሃ የሚኖር ጠፍጣፋ ቅርንጫፍ ያለው ኮራል አለ። ከዚያ አምጥተው ከፍሎሪዳው ጋር አዳቀሉት፤ ልጆቹንም በ2025 በማያሚ አጠገብ ባለው ግንብ ላይ፥ ከአገሬው ተወላጆች ጎን ተከሏቸው። ሁለቱ ጎን ለጎን የተተከሉት፥ ውሃው ሲሞቅ የትኛው እንደሚነጣ እየተመለከቱ ለመመዝገብ ነው።