ሱጁድ የምናደርግበት ጣውላና የበረኪናው ጠርሙስ

የኢድ ዋዜማ በብዙዎቻችን ቤት ምን እንደሚመስል ለውድ አንባብያን መንገር አያስፈልግም። ጨረቃ መታየቷ ተሰምቶ ተክቢራው ከየመስጊዱ ሲያስተጋባ የቤቱ እመቤት ገና ከማድ ቤት አልወጣችም። ምንጣፉ ተጠቅልሎ ደጅ ወጥቷል፤ ወንበሩ ጠረጴዛው ላይ ተሰቅሏል፤ ልጆቹ ወዲያና ወዲህ ይሯሯጣሉ። የቀረው ወለሉ ነውና ባልዲ ይመጣል። ወደ ባልዲው የሚገባውም አብዛኛውን ጊዜ እጅ የደረሰበት ሁሉ ነው። አንድ እፍኝ ኦሞ፣ በላዩ ላይ በረኪና፣ የበረኪናውን ሽታ እንዲያጠፋ ደግሞ ሎሚ ወይም ኮምጣጤ ጠብ ይደረግበታል። በመልካም ኒያ የተዘጋጀው ይህ ድብልቅ የጣውላ ወለልን የሚያበላሽ፣ ጎንበስ ብላ የምትወለውለውን ሴት ሳንባ ደግሞ የሚመርዝ ነው።

ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ንጽሕናን የኢማን ግማሽ አድርገው እንዳስተማሩን ሁላችንም እናውቃለን። ራስንም ሆነ ሌላውን መጉዳት እንደማይገባ ያስተማሩንም እሳቸው ናቸው። ስለ መጀመሪያው ብዙ ተጽፏል፤ ብዙም ዳዕዋ ተደርጎበታል። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ ሁለቱ ትምህርቶች አንድ ባልዲ ውስጥ እንዴት እንደሚገናኙ ለማየት ወደድን። ከወለል ሁሉ የጣውላውን የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። በአዲስ አበባ የድሮ ሰፈሮች ጣውላ የተነጠፈባቸው ቤቶች ዛሬም አሉ፤ አዳዲሶቹ ቤቶችም በፓርኬና በላሚኔት ይሠራሉ። ግንባራችንን ደፍተን ሱጁድ የምናደርገው፣ ሕፃኑም በደረቱ የሚድኸው በዚሁ ላይ ነው። ከሴራሚክና ከሲሚንቶ ይልቅ በቶሎ የሚበላሸውም እሱ ነው።

ጣውላ ለምን ውኃ አይወድም?

እንጨት ተቆርጦ፣ ተሰንጥቆና ተልጎ ወለል ከሆነም በኋላ ውኃ መምጠጡን አይተውም። ውኃ ሲገባበት ወደ ጎን ያብጣል፤ ሲደርቅ ይሸበሸባል። ይህ በየሳምንቱ ሲደጋገም የጣውላው ጠርዝ ወደ ላይ እየተነሣ መካከሉ እንደ ሰሃን ይጎደጉዳል፤ በጣውላና በጣውላ መካከልም ክፍተት ይፈጠራል። ክፍተቱ ቆሻሻ ይሰበስባል፤ ቆሻሻውን ለማውጣት ተጨማሪ ውኃ ይደፋል፤ ጉዳቱም እየሰፋ ይሄዳል። ላሚኔት የሚባለው ደግሞ እንጨት ይምሰል እንጂ የታመቀ የእንጨት ዱቄት ላይ የተለጠፈ ሥዕል ነው። በመገጣጠሚያው ውኃ ገብቶ አንድ ጊዜ ካበጠ ወደ ነበረበት አይመለስም።

ወለላችን በምን እንደተቀባ ማወቅ የመጀመሪያው ሥራ ነው። ከዕቃ ሥር በተሸሸገ ማዕዘን አንድ ጠብታ ውኃ አኑረን አሥር ደቂቃ ያህል እንጠብቅ። ውኃው እንደ ዶቃ ተንጠልጥሎ ከቆየ ቫርኒሹ ደኅና ነው። ሥሩ ከጠቆረ እንጨቱ ውኃ እየጠጣ ነውና እርጥብ ጨርቅ እንኳ አይመከርም። በጥፍር ቀስ ብለን ስንፍቀው ለስላሳ ነገር ከወጣ ሰም የተቀባ ነው።

በእኛ በሙስሊሞች ቤት ደግሞ አንድ የተለየ ነገር አለ። አምስት ሰው ባለበት ቤት ሁሉም ለየሶላቱ ዉዱእ ቢያደርጉ፣ እርጥብ እግር በቀን 25 ጊዜ ከመታጠቢያ ቤት ወደ መስገጃው ይመላለሳል ማለት ነው። በጣውላ ቤት የምትኖሩ ሁሉ የመታጠቢያ ቤቱን ደጃፍ ተመልከቱ፤ ከወለሉ ሁሉ የጠቆረው እዚያ ያለው ጣውላ ነው። ጥቁረቱ ላይ ላዩን የተቀመጠ ሳይሆን ወደ ውስጥ የሠረገ ስለሆነ በፈሳሽ ቢፈተግ አይለቅም። መፍትሔው ግን ቀላል ነው፤ ደጃፉ ላይ ወፍራም ፎጣ አንጥፎ እግርን አድርቆ መሻገር ይበቃል። ፎጣውም በየቀኑ ተነሥቶ ፀሐይ ላይ ይሰጣ፤ እርጥብ ፎጣ ጣውላ ላይ ከዋለ ከጠብታው የባሰ ነው።

በሌላ በኩል ጫማ ደጅ የማውለቅ ልማዳችን ጣውላውን እንደሚጠቅም ብዙዎች ልብ አይሉትም። ጣውላን ከሁሉ በላይ የሚፈጀው በጫማ ሶል የሚገባው አሸዋ ነውና። አሸዋው በእግር ሲረገጥ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ቫርኒሹን ይፍቀዋል። እንግዲህ ጫማ አውልቆ በለስላሳ መጥረጊያ በየቀኑ የሚጠረግ ወለል ግማሽ ሥራው ተሠርቷል።

እንዴት ይወልወል?

ቫርኒሽ ለተቀባ ወለል የሚያስፈልገው በጣም ጥቂት ነው። አምስት ሊትር ያህል ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ሁለት የሻይ ማንኪያ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ይበቃል። ጨርቁ ነክሮ ይጨመቃል፤ ጠብታ እስኪያጣ ድረስ ይጨመቃል። ከዚያ የእንጨቱን መስመር ተከትሎ ክንድ የሚደርስበትን ያህል ብቻ መወልወል፣ በንጹሕ ውኃ ተነክሮ በተጨመቀ ሌላ ጨርቅ መድገም፣ ወዲያውም በደረቅ ጨርቅ ማድረቅ ነው። ባልዲውን ወለሉ ላይ መድፋት የሲሚንቶ ቤት ወግ ነው። ሰም ለተቀባው ደግሞ ደረቅ ጨርቅ ይበቃል፤ ውኃ ሰሙን ያነጣዋል።

ኦሞ የተሠራው ለልብስ ነው። ከልብስ በብዙ ውኃ ተለቅልቆ ይወጣል፤ ከጣውላ ግን እንዲያ አድርጎ ማስወጣት አይቻልም። ቀሪው ደርቆ ወለሉን ያደበዝዘዋል፤ እግር ያንሸራትታል፤ አቧራም ይይዛል። የሳምቡሳ ዘይት የፈሰሰ እንደሆነ ሳይቆይ በደረቅ ጨርቅ ማስመጠጥ፣ ጥቂት ዱቄት ነስንሶ ማቆየትና ጠርጎ በሳሙናው ጨርቅ ማበስ ነው። ከሱቅ የሚገዛ የወለል ማጽጃ ከሆነ በላዩ ላይ ለእንጨት መሆኑ የተጻፈበትን መምረጥ፣ መጠኑንም በክዳኑ እንጂ በአፍንጫ አለመለካት ይገባል። ሽታው ካላስነጠሰ አላጸዳም የሚለው እምነት ከየት እንደመጣ አናውቅም፤ ዋጋ እያስከፈለን ያለው ግን እሱ ነው።

በረኪና ከምን ጋር ተገናኘ?

በረኪና ሶዲየም ሃይፖክሎራይት የሚባል ኬሚካል በውኃ የሟሟበት ነው። ከዓረብ አገር የተመለሱ እህቶቻችን ክሎሮክስ የሚሉትም ይኸው ነው። ጣውላ ላይ ሲያርፍ የእንጨቱን ቀለም ይመጣል፤ ላዩንም ያሻክረዋል። ለሰው የሚያሰጋው ግን ከሌላ ነገር ጋር ሲገናኝ ነው። ከሎሚ፣ ከኮምጣጤ ወይም ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር ሲደባለቅ ክሎሪን የተባለውን ጋዝ ያወጣል። ይህ ጋዝ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በ1915 እ.ኤ.አ. ቤልጅግ ውስጥ ኢፕር በተባለው ቦታ የጀርመን ጦር በጠላቱ ላይ የለቀቀው ጋዝ ነው። በባልዲ የሚወጣው መጠኑ ያንሳል፤ መስኮቱ በተዘጋ ጠባብ ክፍል ውስጥ ግን ዓይን ያቃጥላል፣ ያስላል፣ ደረት ያፍናል፤ አስም ያለበትን ሰው ለሕይወቱ ያሰጋዋል።

አሞኒያ ካለበት ነገር ጋር ሲገናኝም ክሎራሚን የሚባል ሌላ መርዘኛ ጋዝ ይወጣል። የቆየ ሽንት አሞኒያ አለው። በመሆኑም ሕፃን የሸናበትን ቦታ «ነጃሳውን ያስለቅቅልኝ» ብላ በረኪና የምታፈስ እናት ያንኑ ጋዝ ትጠራለች። ሽታው ድንገት ከበረታ ባልዲውን ለመድፋት ሳይዘገዩ ልጆችን ይዞ ወደ አየር መውጣት ነው። መተንፈስ ያስቸገረው ካለ ጊዜ ሳይሰጡት ወደ ሐኪም ቤት መውሰድ ይገባል።

ሕፃን ቢሸናበትስ?

ይህ ጥያቄ ከብዙ እናቶች የሚሰማ ነው፤ መልሱም በእጃችን አለ። አንድ የገጠር ዓረብ መስጊድ ውስጥ በሸና ጊዜ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ሰዎች እንዳይነኩት ከልክለው በሽንቱ ላይ አንድ ባልዲ ውኃ እንዲፈስበት አዘዙ። ያ ወለል አፈር ነበር። የሚያጠራው ውኃው መሆኑ ግን ከዚሁ ይታያል፤ ለጠሃራ በረኪናም ሳሙናም ግዴታ አይደለም። ቫርኒሽ ያለው ጣውላ ሽንቱን ወዲያው አይጠጣውም። ስለዚህ መጀመሪያ ሽንቱን በጨርቅ አንሥቶ ማድረቅ፣ ከዚያ ቦታውን ብቻ የሚሸፍን ጥቂት ንጹሕ ውኃ አፍስሶ ያንኑ በሌላ ንጹሕ ጨርቅ ማንሣትና ማድረቅ ነው። ከጡት ወተት በቀር ምግብ ያልጀመረ ወንድ ሕፃን ከሆነ ደግሞ በሐዲስ እንደተላለፈው ውኃ መርጨት ይበቃል። በመዝሀቦቹ መካከል ያለውን ዝርዝር የአካባቢያችሁን ዓሊም ጠይቁ። በጣውላ ቤት ያለ ሕፃን ግን ከሥሩ ውኃ የማያሳልፍ ነገር ቢነጠፍለት ለሁሉም ዕረፍት ነው።

ሰምና ላምባ

ሰም በላምባ አሟሙቶ ወለል መቀባት የቆየ ልማድ ነው፤ ወለሉም ያምርበታል። ጥፋቱ ሁለቱን አንድ ላይ ምድጃ ላይ መጣድ ነው፤ የላምባው ተን ነበልባል ካገኘ ይቀጣጠላል። ቀቢውን ካወቅን በኋላም አዲስ በተቀባ ወለል ላይ የቡና ከሰልና የዕጣን ማጨሻ ማቅረብ አይገባም። ሽታው ፈጽሞ እስኪጠፋ መስኮት ከፍቶ መጠበቅ፣ የተቀባበትንም ጨርቅ ደጅ ዘርግቶ ማድረቅ ነው። የሚሻለው ተዘጋጅቶ የሚሸጠውን የወለል ሰም በስሱ ቀብቶ በደረቅ ጨርቅ ማሸት ነው።

ይህን ሥራ በብዙ ቤት የምትሠራው ከገጠር የመጣች ልጅ መሆኗን መዘንጋት አይገባም። በእጃችን ሥር ያሉት ወንድሞቻችን መሆናቸውን፣ ከአቅማቸው በላይም እንዳንጭናቸው ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) አዘውናል። ማንበብ የማትችል ከሆነ በጠርሙሱ ላይ ያለውን አንብቦ ማስረዳት የባለቤቶቹ ግዴታ ነው። የላስቲክ ጓንት መግዛትም እንደ ቅንጦት አይታይ።

የለስላሳው ጠርሙስ

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበን ይኸው ነው። በረኪናና ላምባ በችርቻሮ ሲገዛ በለስላሳ ወይም በውኃ ጠርሙስ ተቀድቶ ይመጣል። የሦስት ዓመት ልጅ የሚያውቀው ደግሞ ጠርሙሱን እንጂ በውስጡ ያለውን አይደለም፤ በተጠማ ጊዜ ከአልጋ ሥር አውጥቶ ይጎነጫል። በረኪና አፍና ጉሮሮ ያቃጥላል። ላምባ ደግሞ ወደ ሳንባ ሾልኮ ገብቶ ብርቱ የሳንባ ሕመም ያመጣል፤ ለዚህም አንድ ጉንጭ እንኳ ሊበቃ ይችላል።

ይህ ከደረሰ ልጁን ማስመለስ ፈጽሞ አይገባም። በረኪናው ሲወጣ ዳግመኛ ያቃጥላል፤ ላምባው ሲወጣ ወደ ሳንባ ይገባል። ወተት ግቱት፣ ዘይት አጠጡት የሚሉ ጎረቤቶች አይጠፉም፤ አትስሟቸው። አፉን በውኃ ማጽዳት፣ የነካውን ልብስ ማውለቅ ነው። ዓይኑ ውስጥ የገባ ከሆነ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ በሚወርድ ንጹሕ ውኃ ማጠብ ነው። ከዚያ ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም ቤት። አዲስ አበባ ላላችሁ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ የእሳትና አደጋ ደግሞ 939 ነው። ስትሄዱ ጠርሙሱን ይዛችሁ ሂዱ፤ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቀው ልጁ የጠጣው ምን እንደሆነና ምን ያህል እንደሆነ ነው።