መድኃኒት እያለ ሕክምና የሚታጣው ለምንድን ነው?
መጠለያ የሌላቸው ወገኖች ጤናና የሰበካ ጉባኤያት ድርሻ

በአዲስ አበባም ሆነ በሌሎች ከተሞቻችን፣ በአብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ሥርና በደጀ ሰላም አጠገብ መጠለያ አጥተው የሚኖሩ ወገኖች ጥቂቶች አይደሉም። ከእነርሱም ብዙዎቹ ሕሙማን ናቸው። የማይታከሙት መድኃኒት ስለሌለ ብቻ ይመስለን ይሆናል። ይሁን እንጂ የሳንባ ነቀርሳም ሆነ የኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት በመንግሥት ጤና ጣቢያዎች በነጻ ይሰጣል። ከሁሉ የሚብሰው ችግር ሕመምተኛውን ወደ ሕክምናው የሚያደርሰውና እስከ ፍጻሜው የሚያዘልቀው መታጣቱ ነው።

አድራሻ ማጣት

የጤና አገልግሎታችን በአመዛኙ ቤትን መሠረት ያደረገ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ የምትዞረው ከቤት ወደ ቤት ነው። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድንም አባላቱን የሚመዘግበው በቤተሰብ ነው። የመክፈል ዐቅም ለሌላቸው የሚሰጠው ነጻ ሕክምና ደግሞ ብዙ ጊዜ ከነዋሪነት ማስረጃ ጋር የተያያዘ ነው። ከሩቅ አገር መጥቶ መታወቂያው የጠፋበት ሰው እንግዲህ በየትኛው መዝገብ ይገኛል?

ሕክምናን መፈጸም አለመቻል

የተለመደው የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና 6 ወር ይወስዳል፤ በመጀመሪያዎቹ 2 ወራት 4 ዓይነት፣ በቀሩት 4 ወራት 2 ዓይነት መድኃኒት ይወሰዳል። ሕመምተኛው ጥቂት ሻል ሲለው፣ መድኃኒቱ ሲሰረቅበት ወይም ከሚያድርበት ስፍራ ሲነሣ ሕክምናው ይቋረጣል። ያቋረጠው ሰው በሽታው መድኃኒቱን ሊለማመድበት ይችላል፤ በዚያን ጊዜ ሕክምናው ይከብዳል፣ ለሌሎችም ይተርፋል።

የውኃና የልብስ እጦት

በክረምት ብርድ ሲበረታ ተጠጋግተው የሚያድሩና ልብስ የሚዋዋሱ ሰዎች በቅማል ለሚተላለፉት ለግርሻና ለታይፈስ ይጋለጣሉ። ሕመምተኛው ታክሞ ወደዚያው ልብስ ከተመለሰ ቅማሉ ይጠብቀዋል፤ ስለዚህ ልብሱን መቀየር ወይም መቀቀል ያስፈልጋል። የግርሻ መድኃኒት ከተሰጠ በኋላ ብርቱ መንቀጥቀጥ ሊከተል ስለሚችል፣ በጤና ባለሙያ ክትትል ሥር እንጂ ከመንገድ ተገዝቶ መወሰድ የለበትም።

የአእምሮ ሕመም

እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመና በአዲስ አበባ ጎዳና ላይ የሚኖሩ 217 ሰዎችን የመረመረ ጥናት፣ ከ10 ሰዎች 4 ያህሉ ከባድ የአእምሮ ሕመም እንዳለባቸው አሳይቷል። እንዲህ ያለው ሕመምተኛ ሕመሙን ላያውቀው፣ ቀጠሮውን ላያስታውሰው ይችላል። ሰውም ስለሚሸሸው ሌላው ሕመሙ ሁሉ ሳይታይ ይቀራል።

ጠበልና መድኃኒት

ለጠበል መጥተው ገንዘባቸው ያለቀባቸው፣ እዚያው በዙሪያው የቀሩ ሕሙማንም አሉ። ከእነርሱ መካከል መድኃኒት መውሰድ የእምነት ጉድለት መስሏቸው የሚያቋርጡ ይገኛሉ። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በፓትርያርክነት ዘመናቸው ጠበሉና የኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በይፋ አስተምረዋል። ይህን ትምህርት ከአጥማቂው ካህን አንደበት የሰማ ሕመምተኛ ከማንም ይልቅ ይቀበለዋል።

ከሰበካችን የሚጠበቀው

ቤተ ክርስቲያን ሁሉንም ሐኪም ልትተካ አትችልም፤ ነገር ግን አድራሻ ለሌለው ሰው አድራሻ፣ አስታዋሽ ለሌለው አስታዋሽ መሆን ትችላለች። ስለዚህም፦

1. ሰበካ ጉባኤው በዐጸዱ ዙሪያ የሚኖሩትን ወገኖች በስማቸው ይመዝግብ፤ ለነጻ ሕክምና እንዲበቁም ከወረዳው ጋር ይነጋገር።

2. 2 ሳምንትና ከዚያ በላይ የሚያስል ሰው ሲታይ ወደ ጤና ጣቢያ የሚያደርሰው ሰው ይመደብለት።

3. ሕክምና የጀመረውን ሰው በየዕለቱ የሚጠይቅ፣ ፈቃዱ ከሆነም መድኃኒቱን የሚያስቀምጥለት አንድ ታማኝ አገልጋይ ይኑር፤ የሕመሙም ምስጢር ይጠበቅ።

4. የሰንበቴና የጽዋ ማኅበራት ከሚመግቡት ማዕድ ጋር የመታጠቢያ ውኃ፣ ሳሙናና ቅያሪ ልብስ ያስቡ።

5. የሰንበት ትምህርት ቤት አባላት የሆኑ የጤና ባለሙያዎች በወር አንድ ቀን እንዲያገለግሉ ይጋበዙ።

ደጉ ሳምራዊ የቆሰለውን ሰው ቍስል አስሮለት አልሄደም። ወደ እንግዶች ማደሪያ አደረሰው፣ ወጪውን ከፈለ፣ የሚጎድለውንም ተመልሶ ሊሞላ ቃል ገባ። በደጃችን ላለው ሕመምተኛም የአንድ ቀን ምጽዋት ብቻ አይበቃውም፤ እስኪድን ድረስ የሚከታተለው ሰው ያስፈልገዋል።